ግማሹ ቤት በርቶ ግማሹ ጠፍቷል፤ ብሬከሩ ግን አልወረደም

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነኝ፤ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ሥራዬ ስፌት ነው። ነሐሴ ለኛ እንደ ገበሬ ኅዳር ማለት ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይከፈት የማስረክበው የ43 ልጅ ዩኒፎርም ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ተከምሯል። የተሰፋው 11 ነው። ስለዚህ ነገሬ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ፣ ጭንቅ ላይ ነኝ።

ቤታችን አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር እየቀጠለ የሠራው ነው። ፊት ለፊት ሳሎንና መኝታ ቤት፣ ከዚያ ጠባብ ኮሪደር፣ ከኮሪደሩ ወዲያ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ደግሞ እኔ የምሰፋበት ክፍል። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በላዩ ሲሚንቶ ተለስኗል። ቆጣሪው ባለ አንድ ፌዝ የካርድ ቆጣሪ ነው፤ ካርዱ አላለቀም፣ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ትንሽ የብሬከር ሳጥን አለች። ዋናው ከላይ፣ ከሥሩ ሁለት ብሬከር፤ አንዱ የፊቱን ቤት፣ አንዱ የጓሮውን ይይዛል።

ሁለት ሳምንት ያህል እማዬ ምጣዱን ባበራች ቁጥር የኔ ክፍል አምፖል ዝቅ ከፍ ይል ነበር። ክረምት ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ሲገባ የማይበላሽ ዕቃ የለም ብዬ ናቅሁት። ባለፈው ሐሙስ እሷ ስትጋግር እኔም ካውያ አብርቼ ስተኩስ፣ የዓሣ ሽታ መጣ። የሚጠበስ ዓሣ አይደለም፣ ያረረ ዓሣ። ከሐይቅ ዓሣ እያመጣ በሰፈራችን የሚዞር ልጅ አለ፤ ጎረቤት አሳርራው ነው ብለን ተሳስቀን ተውነው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም፤ እንጀራው ምጣዱ ላይ ዓይን እያወጣ ድርግም አለ።

ድርግም ያለው ግን ከወጥ ቤት ወደ ጓሮ ያለው ብቻ ነው። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ የኮሪደሩ አምፖል በርቷል። ወጥ ቤትና የኔ ክፍል አምፖሉም ሶኬቱም ጸጥ ብሏል። ብሬከር ወርዶ ነው ብዬ ሄጄ ባይ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዝቅ አድርጌ መልሼ ከፍ አደረግሁት፤ ያው ነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ መብራት አላቸው። እማዬ ሊጡን እያየች፣ «መብራቱም እንደ ዘመድ ከፊሉ መጥቶ ከፊሉ ቀረ» አለች።

የሰፈራችን ኤሌክትሪሽያን ልጅ መጣ። «ብሬከሩ ደክሟል» ብሎ የጓሮውን 16 አምፔር አወጣና 32 ተከለልኝ። «ትልቅ አደረግሁልሽ፣ ከእንግዲህ አያስቸግርሽም» አለ። ምንም አልተለወጠም። ከዚያ የቤቱ ሽቦ በሙሉ ተነቅሎ እንደ አዲስ ይዘርጋ አለኝ። በዚህ ሰሞን ያን ገንዘብ ከየት ላመጣው?

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይኼ ነው። ፒያሳ የገዛኋት ቴስተር አለችኝ፣ ካቻቢቴ የምትመስለዋ። የሞተውን ሶኬት ስሞክራት ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ትበራለች! በደህናው የሳሎን ሶኬት አንዱ ላይ ብቻ ነው የምትበራው። አንድ ሶኬት ውስጥ ሁለት ፖዘቲቭ ይገባል እንዴ? ከገባስ ማሽኔ ለምን አይዞርም?

የቢስቲማ ልጅ፦

እህቴ አብሽሪ፣ ቀላል ነው። ኔጋቲቩ ነው የጠፋብሽ። እኛም ቤት ሆኖ ያውቃል። ከሶኬቱ ኔጋቲቭ ሽቦ አውጥተሽ ግቢ ካለው የውኃ ቧንቧ ጋር እሰሪው፣ ወዲያው ይበራል። እኛ ቤት እንዲህ አድርገነው ስድስት ወር ሠርቷል። በከንቱ ብር አትበትኚ።

ወልዲያ፣ ወፍጮ ቤት፦

የኔ ጉዳይ ካንቺ ይለያል፣ ግን ግማሽ መብራት ሲባል ሁሉም አንድ እንዳይመስለው ልጻፍ። እኔ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ነው ያለኝ፤ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ ሦስት ነው ማለት ነው። አንድ ቀን የቤቱ መብራት ከፊሉ ጠፍቶ ወፍጮው ግን የሚሠራ መስሎኝ አስነሣሁት። እንደ ንብ «ምምም» አለ እንጂ አልዞረም። ለካ ከሦስቱ አንዱ ፌዝ ከውጭ ቀርቷል። አንድ ሁለት ጊዜ ደጋገምኩና ሞተሩን አቃጠልኩት፤ ጭኜው ደሴ ወስጄ አስጠቀለልኩ። ያኔ የከፈልኩትን አሁን ብናገር ሚስቴ ታነበዋለች።

አንቺ ባለ አንድ ፌዝ ነኝ ስላልሽ ይህ አይመለከትሽም። አንድ ነገር ግን ለሁላችሁም፦ ግማሹ አምፖል ደብዝዞ ግማሹ ከልክ በላይ ቦግ ካለ፣ ወይም በአንድ ጊዜ የጎረቤት ሁሉ ቴሌቪዥን መቃጠል ከጀመረ፣ ምክንያቱን አትፈልጉ፤ ሮጣችሁ ዋናውን አውርዱ። የመንገዱ ኒውትራል፣ ኔጋቲቭ የምንለው መመለሻው ሽቦ፣ ተበጥሷል ማለት ነው። ለ220 የተሠራ ዕቃ ወደ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። ከዚያ ወደ መብራት ኃይል፣ 905፣ መደወል ነው፤ ምሰሶ ላይ ያለ ነገር የኛ ሥራ አይደለም።

ኮምቦልቻ፣ ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት የቢስቲማው ወንድማችን ያለውን እንዳታደርጊ። ኒውትራል ነው የጠፋው ማለቱ ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ነው ክፉው። 27 ዓመት እዚሁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ፤ ቧንቧን ኒውትራል ያደረገ ቤት ሁለት አይቻለሁ። አንደኛው ቤት ግቢ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ልጅቱ ልትከፍት ስትነካው ነው የታወቀው። ተርፋለች። ቧንቧው መሬት ውስጥ የሆነ ቦታ በፕላስቲክ ተቀጥሎ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ብረት በሙሉ 220 ይሸከማል። የእናትሽ ወጥ ቤት ደግሞ ወለሉ እርጥብ ነው፤ የማን ወጥ ቤት ደረቅ ነው? ወንድሜ፣ የናንተም ካለ ዛሬውኑ ፍቱት። ስድስት ወር የሠራው ማንም እጁን ስላላሳረፈበት ነው።

ወደ ጥያቄሽ። ሶኬቱ ውስጥ ሁለት ፖዘቲቭ የለም። ውኃ በአንድ ቱቦ ገብቶ በሌላው ይወጣል እንበል። መውጫው ቢደፈን ውኃው እስከ ተደፈነበት ድረስ ሄዶ ይቆማል፤ ሁለቱም ቱቦ ሙሉ ነው፣ የሚፈስ ግን የለም። ፌዙ፣ ያ ፖዘቲቭ የምትይው፣ በሶኬቱ ገብቶ፣ በተሰካው ዕቃ ወይም ማብሪያው ባልጠፋው አምፖል በኩል አልፎ፣ ኒውትራሉ ሽቦ ላይ ይመጣና የተቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ቴስተርሽ ይህንን ነው የምታሳይሽ። ማሽንሽ የማይዞረውም ለዚህ ነው፤ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ስለዚህም «ኔጋቲቭ ነው፣ አይዝም» ብሎ የሞተ መስመር ላይ ሽቦ በእጁ የሚጨብጥ ሰው አለ፤ እሱ ይይዘዋል።

አሁን ምንም ሳትከፍቺ ሁለት ነገር አድርጊልኝ። በሞተው ክፍል ያለውን ሁሉ ንቀዪ፤ ምጣድ፣ ካውያ፣ ማሽን፣ የስልክ ቻርጀር ሳይቀር። የአምፖሎቹንም ማብሪያ ሁሉ አጥፊ። ከዚያ ቴስተሯን እንደገና ሞክሪያት። ቀጥለሽ የጓሮውን ብሬከር ብቻ አውርደሽ በቤቱ ውስጥ ምን እንደጠፋ ዞረሽ እዪ። «ጓሮ» ብሎ የጻፈው ሰው ሁሉን ጽፎ ላይሆን ይችላል።

ያቺን 32 አምፔር ደግሞ ዛሬውኑ ታውጣ። ልጁን አልሰድብም፣ ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ብሬከር ዕቃን የሚጠብቅ ይመስለዋል ሰው፤ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በግድግዳሽ ውስጥ ያለው ሽቦ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ከሆነ 16 ነው ልኩ፣ ቢበዛ 20። 32 ስታደርጊበት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ብሬከሩ ተኝቶ ያያል።

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እማዬም ዱዓ አድርጋልዎታለች። ያሉኝን አደረግሁ።

ሁሉን ከነቀልኩ በኋላ ቴስተሯ አንድ ቀዳዳ ላይ ብቻ በራች! ሌላው ጨለማ ሆነ። የወጥ ቤቱን አምፖል ማብሪያ ስመታው አምፖሉ አልበራም፣ ጨለማ የነበረው ቀዳዳ ግን መልሶ በራ። እንደ ሕፃን አምስት ስድስት ጊዜ ደጋገምኩት። እማዬ «ሥራ ፈት» አለችኝ።

የጓሮውን ብሬከር ሳወርድ የኮሪደሩ አምፖልና ስልክ የምንሰካበት የኮሪደሩ ሶኬትም አብረው ጠፉ! የፊቱ ቤት ነው ብለን ነበር የምናስበው። መልሼ ሳነሣው ሁለቱም በሩ።

ሞባይል ከሚጠግነው ጎረቤታችን ደግሞ ማልቲሜትር ተዋስኩ። የሞተው ሶኬት ሁለት ቀዳዳ መካከል 87 ቮልት አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ 61፣ ከዚያ 90። ሳሎን 221 ነው። 87 ቮልት ካለ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን መብራት አልነበረበትም?

ኮምቦልቻ፣ ጡረተኛው፦

ጎበዝ። ሥራ ፈት አይደለሽም፣ ሥራውን ጨርሰሽዋል ማለት ይቻላል።

87 ቮልቱን እርሺው፤ የውሸት ቮልት ነው። ዲጂታል ሜትር የሚጠጣው በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ጫፉ የተቆረጠ ሽቦ ጎን ለጎን ከሚሄደው ፌዝ በአየር የሚተነፍሰውን እንኳ ቁጥር አድርጎ ያሳይሻል። ቁጥሩ መወዛወዙም ምልክቱ ነው። እኛ ዱሮ እንዲህ ያለውን የምንለየው በፖርታላምፓ (በአምፖል መያዣ) ላይ ባለ የ60 ሻማ አምፖል ነበር። እውነተኛ ቮልት አምፖል ያበራል፣ የውሸቱ አምፖል ሲያይ ይሞታል።

አሁን ወረቀት አምጪና መስመሩን ሥዪው። ከሳጥኑ ይነሣል፣ ኮሪደር ይደርሳል፣ ወጥ ቤት ይገባል፣ ያንቺ ክፍል ያልቃል። ኮሪደሩ በሕይወት ያለ የመጨረሻው ነው፤ ወጥ ቤቱ የመጀመሪያው ሟች። ብልሽቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ከዚያ ውጭ የትም አትፈልጉ። ሳጥኑ ጋ አይደለም፣ ቢሆን ኮሪደሩም ይጠፋ ነበር። ያንቺ ክፍልም ጋ አይደለም። ሦስት አራት ሜትር ግድግዳ ነው የቀራችሁ። የቤቱ ሽቦ በሙሉ ይነቀል ያለው ልጅ ይህን ወረቀት ይይ።

መካከሉ ላይ መቀጠያ ቦክስ መኖር አለበት። ሽቦ ደህና ሆኖ እያለ በባዶ ሜዳ አይቆረጥም፤ የሚሞተው የተቀጠለበት ነው። ያ የዓሣ ሽታ ከሐይቅ የመጣ አይደለም፤ የሶኬትና የሽቦ ፕላስቲክ ሲግል እንደዚያ ነው የሚሸተው። እንዲህ ያለ ሽታ የሸተተው ሰው ዓሣ ነጋዴውን ከመጠርጠሩ በፊት ግድግዳውን በእጁ ይዳስስ።

ብሬከሩ ለምን አልወረደም ብለሽ ነበር። ብሬከር የሚያውቀው አምፔር ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ያለን ሙቀት አያውቅም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ነው፣ በ220 ስታካፍይው ወደ 16 አምፔር። መቀጠያው ላልቶ ከሚያልፍበት 8 ቮልት ብቻ እዚያው ቢበላ፣ 8 በ16 ስታባዢ 128 ዋት ነው። ሁለት የ60 ሻማ አምፖል በአንድ ጡጫ በሚያክል ጉድጓድ ውስጥ ልስን ተለስኖባቸው በርተዋል እንበል። አምፖልሽ ዝቅ ከፍ ይል የነበረውም ያ 8 ቮልት ነው። ያንቺ ካውያ ሲጨመርበት ባሰ።

ኮሪደሩና ወጥ ቤቱ መካከል የተደፈነ ቦክስ ታውቂያለሽ? አባትሽ ወጥ ቤቱን ሲቀጥል ከየት ነው መብራት የወሰደው? እናትሽን ጠይቂ።

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ፦

እማዬን ጠየቅኋት። «እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ ወንበር ላይ ቆሞ ሲታገል ወንበሩን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። የት ነበር ወንበሩ? «በሩ ላይ ነዋ!»

በወጥ ቤቱ በር አናት ላይ በማንኪያ እያንኳኳሁ ሄድኩ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ እንደ ከበሮ ሆነ። ኖራውም በዚያ ቦታ ብቻ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ የምጣድ ጭስ ነው ብለን ዓመት ሙሉ ያየነው ነው።

ልክፈተው?

ኮምቦልቻ፣ ጡረተኛው፦

ብቻሽን አትክፈቺ። ልጁን ጥሪው። ቴስተሯን መጀመሪያ በሳሎኑ ሶኬት ሞክሩና መሥራቷን አረጋግጡ፤ ቀጥሎ ዋናውን አውርዱ፣ ከዚያ የሳሎኑም የኮሪደሩም ሶኬት መሞቱን እዩ። ቦክሱ ሲከፈት እጅ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ንኩ። አንዳችሁ ሳጥኑ አጠገብ ቁሙ፤ እናትሽ ጨለመባት ብላ እንዳታነሣው።

ሽቦው አሉሚኒየም ሆኖ ካገኛችሁት ንገሪኝ፤ ያኔ ሌላ ነገር ነው።

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ፦

አገኘነው።

ልጁን ስጠራው ይቀየመኛል ብዬ ነበር። ስልኬን ሰጥቼ የጻፋችሁትን በሙሉ አስነበብኩት። 32 አምፔሯ ላይ ሲደርስ ጆሮውን አከከ፣ የውሸት ቮልቱ ላይ ሲደርስ ግን ቁጭ አለ። «ሽማግሌው ኮምቦልቻ የት ነው የሚገኙት?» አለኝ። ከዚያ ሄዶ 16ቱን ይዞ ተመለሰ፣ ሳልጠይቀው።

ልስኑን በመሮ ስናነሣው ቀይ የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ወጣ። አባቴ ለቦክሱ ክዳን ያደረገው እሱን ነው። ከውስጥ ጥቁር አመድና ያ ሽታ። ከኮሪደሩ የመጣው ሽቦ መዳብ ነው፣ ወደ ወጥ ቤት የሚሄደው ነጭ አሉሚኒየም። ሁለቱ እርስ በርስ ተጠምዝዘዋል፣ ሞርሴቶ (በብሎን የሚጠብቅ የሽቦ ማገናኛ) የለም። የተጠቀለሉት ደግሞ በናስትሮ፣ በኤሌክትሪክ ቴፕ፣ አይደለም። አባቴ ድሬሰር ነበር፤ በቁስል ፕላስተር ነው የጠቀለላቸው፣ ጫፉን በመቀስ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ ልክ የሰው እጅ እንደሚያሽግ። የፌዙ ፕላስተር ቡናማ ሆኗል እንጂ ይዟል። የኒውትራሉ ከስሏል፣ ስንነካው ሽቦው ተለያየና አመድ የመሰለ ነጭ ዱቄት ረገፈ።

እማዬ መጥታ አየችው። «የክሊኒኩን ፕላስተር ጨረስከው ብዬው ነበር» ብላ ሄደች።

ጋሼ፣ አሉሚኒየም ከሆነ ንገሪኝ ብለውኝ ነበር።

ኮምቦልቻ፣ ጡረተኛው፦

አባትሽን አትውቀሽው። በዚያን ጊዜ ሽቦ ማግኘትም ገንዘብ ማግኘትም ቀላል አልነበረም፤ ከምሰሶ ወደ ቤት ከሚገባው ዓይነት የተራረፈ አሉሚኒየም ያገኘ ሰው ይጠቀምበት ነበር። ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ዕድሜ ልኩን ይሠራል። እሱ ሲቀጥለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበራችሁ? አልነበራችሁም ይሆናል።

አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ቆዳ ያወጣል፣ ያ ቆዳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሲሞቅ ከመዳብ ይበልጥ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ምጣድ በበራና በጠፋ ቁጥር መጋጠሚያው እየላላ ይሄዳል። ከመዳብ ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይበላል። የደሴን ክረምት ጨምሪበት። ያየሽው ነጭ ዱቄት ይኼ ነው።

መልሰው ጠምዝዘው ናስትሮ ቢያስሩበት ዛሬ ይበራል፣ ለገና ደግሞ እዚሁ ታገኚኛለሽ። ለሁለቱ ብረቶች ማገናኛ የሚሆን የተለየ ሞርሴቶ አለ፣ መዳቡና አሉሚኒየሙ ሳይነካኩ የሚታሰሩበት። ግን አራት ሜትር ስለሆነ አሉሚኒየሙን ንቀሉትና በመዳብ ተኩት። ከወጥ ቤቱ ወዳንቺ ክፍል የሚሄደውንም አብራችሁ እዩት፤ በዚያው ቀን የተዘረጋ ከሆነ ያው አሉሚኒየም ነው።

ከቻላችሁ ደግሞ ምጣዱን ከዚህ መስመር አውጡት። ከሳጥኑ ለብቻው 4 ካሬ መዳብ፣ የራሱ 20 አምፔር ብሬከር፣ ከግድግዳ ውጭ በትራንኪንግ፣ ሽቦ በሚሸፍነው የፕላስቲክ ቦይ። ግድግዳ መቆፈር አያስፈልግም። የቀረው አምፖል፣ ማሽንሽና ካውያሽ በ2.5ና በ16ቷ ይኖራሉ። የምጣዱንም ፕለግ እዪው፤ እግሩ ጠቁሮ ከሆነ ሶኬቱም ታሟል፣ ሁለቱም ይለወጡ። ኧርዝ (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ከሌላችሁ፣ ጭቃ ቤት ላይ ብዙ ጊዜ የለም፣ ለምጣዱ መስመር ሲባል የኧርዝ ዘንግ ይቀበርላችሁ። የምጣዱ አካል ብረት ነው፣ እናትሽ በእርጥብ እጅ ነው የምትነካው።

የቢስቲማ ልጅ፦

አባቴ፣ ፈታሁት። አክስቴ «ለምን ቤቱን አጨለምከው» ብላ ስትጮህ ነው የዋለችው። ነገ ሠራተኛ ይመጣል። እህቴ፣ ስለመከርኩሽ አውፍ በይኝ።

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ፦

አብሽር ወንድሜ፣ ያንተን ባታነሣው ጋሼም ስለ ቧንቧው አይነግሩንም ነበር፤ እኔም ሳላስር አልቀርም ነበር እኮ፣ ሽቦው እጄ ላይ ነበር።

ሥራው ትናንት አለቀ። የኔም ክፍል መስመር አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ፣ እሱም ተነቀለ። ምጣዱ የራሱ መስመር አለው። ፕለጉ እንዳሉት ጠቁሮ፣ ሶኬቱ ከውስጥ ቀልጦ ነበር። የኧርዙ ዘንግ ጓሮ ከእንሶስላው አጠገብ ተቀብሯል፤ ልጁ መዶሻ ሲያነሣ እማዬ እንሶስላዋን ታቅፋ ቆማ ነበር። ምጣዱን አብርተን በማልቲሜትር ስንለካ ሳጥኑ ጋ 219፣ ምጣዱ ጋ 217 ሆነ። አምፖሌ ንቅንቅ አላለም። ለልጁ ቡና ተፈላ፣ እስከ በረካ ጠጥቶ ነው የሄደው፤ ለሽቦና ለብሬከር ካወጣው ሌላ ለጉልበቱ የጠየቀኝ ቤቱን ሁሉ ልንቀል ካለኝ ዋጋ ሩቡን አይሆንም። 32 አምፔሯን መልሶ ወስዷታል።

እስከ ዛሬ ማታ 26 ዩኒፎርም ደርሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በሩ አናት ላይ ያለውን ቦክስ ልጁ በፕላስቲክ ክዳን ዘግቶታል፣ በሞርሴቶ አስሮ። እማዬ ግን ለመስከረም እንግዳ ሲመጣ ያስቀይማል፣ በላዩ ይለሰን ብላ ሲሚንቶ አዝዛለች። ይለሰን?

ኮምቦልቻ፣ ጡረተኛው፦

አይለሰን። ነገ ሌላ ሰው በማንኪያ እያንኳኳ ይፈልገው? ክዳኑን በግድግዳው ቀለም ቅቡት፣ ብሎኖቹን ግን አትቅቡ።

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ፦

ነገርኳት። ሲሚንቶውን ለደጁ ደረጃ አድርጋዋለች፤ በክዳኑ ላይ ደግሞ ካላንደር ሰቅላበታለች። ካላንደር ይቻላል?

ኮምቦልቻ፣ ጡረተኛው፦

ካላንደር ይቻላል። ምስማሩ የት ነው የተመታው?

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ፦

መጣሁ፣ ልየው።

ከክዳኑ አንድ ክንድ ወደ ግራ ነው። ሽቦው በቀኝ ነው የሚወርደው።